የጣናዋ እናት ወለተ ጴጥሮስ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ የጣናን ምሥራቃዊ ዳር ይዞ ለሚጓዝ ሰው ቋራጻ የሚባለው የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ገዳም ይገኛል። ስለ ተአምራቷ ከእኛ የሚበልጡ ሊቃውንት ጽፈዋል፤ እኛ በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ልናነሣ የፈለግነው የእጇን ሥራ ነው።

ወለተ ጴጥሮስ ከአባቷ ከባሕር ሰገድና ከእናቷ ከክርስቶስ ዕበያ በ1584 ዓ.ም. ተወለደች። ወላጆቿ ከመኳንንት ወገን ስለ ነበሩ ውኃ የሚቀዳላትና እህል የሚፈጭላት አላጣችም። ለአካለ መጠን ስትደርስ ከዐፄ ሱስንዮስ ባለሟሎች አንዱ ለሆነው ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች። ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ከዚህ በኋላ ዓለምን ትታ ልትመንን ከቤቷ ጠፋች።

ባሏ ግን ወታደር አስከትሎ ፈለጋት፤ የተሸሸገችበትንም ከተማ ያጠፋ ጀመር። እርሷም ሕዝቡ በእኔ ምክንያት አይለቅ ብላ ወደ ሸሸችው ቤት ተመለሰች። በእኛ አስተያየት ይህ መመለስ ከብዙ ቀን ጾም ይበልጣል፤ የምትወደውን ነጻነት ለማታውቃቸው ሰዎች ሰጥታለችና። በ1609 ዓ.ም. ጳጳሱ አቡነ ስምዖን በጦርነት ሲገደሉ፣ ልብሰ ጵጵስናቸው በባሏ እጅ መግባቱን ባወቀች ጊዜ ግን ከእርሱ ጋር መኖርን ፈጽማ እንቢ አለች፤ እርሱም በመጨረሻ ለቀቃት።

መነኰሰችና ዕድሜ ልኳን ከማትለያት ከእኅተ ክርስቶስ ጋር ኖረች። የመኳንንቱ ልጅ እህል ፈጨች፣ እንስራ አዝላ ውኃ ቀዳች፣ እንጨት ለቀመች። የሞተር ወፍጮ ባለበት ሰፈር የምንኖር ተማሪዎች የዚህን ሥራ ክብደት በቀላሉ አንገምተውም። ለአንድ ቤት ሰው የሚበቃ ዱቄት ለማውጣት ገና ሌሊት ሳለ ተነሥቶ መጅ መግፋት ያስፈልግ ነበር፤ ወገብም ክንድም ይዝላል።

ዐፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ ሲቀበሉ ወለተ ጴጥሮስ እየዞረች ሕዝቡ የአባቶቹን ሃይማኖት እንዳይተው መከረች። ስለዚህም ተይዛ ዠበይ ወደሚባል ቆላ ተጋዘች፤ በዚያም ሦስት ዓመት ቈየች። እኛ ራሳችን ከባሕር ማዶ በመጡ መምህራን እጅ የተማርን ስለ ሆንን ስለ ኢየሱሳውያን ስንናገር ምላሳችንን ቈጠብ እናደርጋለን። ነገር ግን መማር ሌላ፣ በንጉሥ ትእዛዝ መገደድ ሌላ ነው።

በግዞት ሳለች እንኳ ሃይማኖታቸውን ይዘው የሸሹ ወንዶችና ሴቶች እየፈለጉ ወደ እርሷ መጡ። ብዙዎቹ ቤትም ርስትም የቀረላቸው አልነበሩም። ከዠበይ ጀምራ በዘጌና በሌሎችም ስፍራዎች ሰባት ማኅበር አቋቋመች፤ ምግቡም ልብሱም የጋራ ነበር። ሴት ሆና ወንዶችንም አስተዳደረች፤ ይህን የማይወዱ መነኰሳትም አልጠፉም። በ1624 ዓ.ም. የቀድሞው ሃይማኖት ከተመለሰ በኋላም ማኅበሯን ትታ ወደ ዕረፍት አልሄደችም።

ሦስት ወር ያህል ታማ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ዐረፈች፤ በጣና ውስጥ ባለችው በሬማ ደሴት ተቀበረች። ማኅበሩን እኅተ ክርስቶስ ተረከበች። ገላውዴዎስ የተባለ መነኰሴ በ1665 ዓ.ም. ገድሏን ጻፈ። በስሟ የተመሠረተው ቋራጻም ቁጣ የሚያሳድደው ሰው ሸሽቶ ሲገባበት የማይነካበት መጠጊያ ሆኖ ብዙ ዘመን ኖረ።