ኤድ ሮበርትስ

ኤድዋርድ ቨርን ሮበርትስ (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 23 ቀን 1939 – ማርች 14 ቀን 1995) አሜሪካዊ የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋች ነበር። ድጋፍ የሚያስፈልገው ሰው የግል ረዳቱን ራሱ መርጦ የሚቀጥርበትን አሠራር ካስፋፉት ሰዎች አንዱ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የተወለደው በካሊፎርኒያ፣ ሳን ማቴዮ ነው። በ1953፣ በ14 ዓመቱ፣ ፖሊዮ (የልጅነት ልምሻ) ያዘው፤ ክትባቱ ለሕዝብ የደረሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ነበር። ከአንገቱ በታች ሽባ ሆነ፤ የሚታዘዙለት ሁለት የእጅ ጣቶችና ጥቂት የእግር ጣቶች ብቻ ነበሩ። ሌሊቱን የሚያሳልፈው «የብረት ሳንባ» በተባለ፣ ሰውነትን ከአንገት በታች ይዞ በአየር ግፊት በሚያስተነፍስ ትልቅ መሣሪያ ውስጥ ነበር። ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርስ ስፖርትና መኪና መንዳት አልተማረም ተብሎ ዲፕሎማ ሊከለከል ነበር፤ እናቱ ዞና ተሟግታ አሰጠችው።

የካሊፎርኒያ የተሐድሶ መሥሪያ ቤት ጉዳቱ ከባድ ስለሆነ ሥራ ሊሠራ አይችልም በማለት በመጀመሪያ ድጋፍ ነፍጎት ነበር። ሆኖም በ1962 በርክሌይ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ገባ። የብረት ሳንባውን የሚችል የተማሪ ማደሪያ ስላልነበረ የግቢው ሆስፒታል ውስጥ ክፍል ተሰጠው። ሌሎች ከባድ ጉዳት ያለባቸው ተማሪዎችም ተከትለውት መጡ።

በሆስፒታል ሕይወት ታካሚው መቼ እንደሚነሣና መቼ እንደሚተኛ የሚወስነው ሠራተኛው ነው። ተማሪዎቹ ግን ረዳቶቻቸውን ራሳቸው ይቀጥሩ ነበር፤ ሰዓቱንም ሥራውንም የሚወስነው አሠሪው ሆነ። ሮበርትስ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ተሽከርካሪ ወንበር መንዳት የለመደው በፍቅር ምክንያት እንደሆነ ይነገራል፤ ረዳት አስከትሎ ከፍቅረኛ ጋር መውጣት አላመቸውም ነበር። ረዳትን ማዘዝ ብቻ ሳይሆን ዞር በል ማለት መቻልም የነፃነቱ አካል ነበር።

ከዚህ ልምድ በ1972 በበርክሌይ የራስን ችሎ መኖር ማዕከል ተቋቋመ፤ ሮበርትስም ቆየት ብሎ መራው። ማዕከሉ ረዳቶችን ይጠቁማል እንጂ አይመድብም። አነጋግሮ የሚመርጠው፣ ሥራውን የሚያለማምደውና ካልተስማማው የሚያሰናብተው አካል ጉዳተኛው ራሱ ነው። አሠራሩ የራሱ ጭንቀት አለው፤ ጠዋት ረዳቱ ከቀረ አሠሪው ከአልጋው አይነሣም።

በ1975 አገረ ገዥ ጄሪ ብራውን ያንኑ ድጋፍ ነፍጎት የነበረውን የተሐድሶ መሥሪያ ቤት እንዲመራ ሾመው። እስከ 1983 ካገለገለ በኋላ ከጁዲ ሂውማንና ከጆአን ሊዮን ጋር የዓለም የአካል ጉዳት ኢንስቲትዩትን መሠረተ፤ በ1984ም የማክአርተር ሽልማት አገኘ።

በ56 ዓመቱ ሞተ። ተሽከርካሪ ወንበሩ ዛሬ በዋሽንግተን በሚገኘው የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛል።