ኮሶንና እንሰትን የሳለው፣ ስሙ ግን የተሸፈነው ሉዊጂ ባሉጋኒ

ቤተ ልሔም ድጓ ቤት የዋለ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ተማሪው ብርዑን ቀርጾ፣ ቀለሙን በጥብጦ ድጓውን በገዛ እጁ ይጽፋል። መምህሩ ያየዋል። አንዲት ምልክት ያለ ቦታዋ ካረፈች ትፋቃለች፣ እንደገና ትጻፋለች። እጅ የሚቀናው በእርማት ነው። ዛሬ የምናወጋችሁ ሰውም እጁን ያቀናው እንዲሁ ነው፣ አገሩ ግን ሌላ ነው።

ሉዊጂ ባሉጋኒ ይባላል። በ1737 ቦሎኛ፣ ጣሊያን ውስጥ ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በከተማዋ ክሌመንቲና በተባለው አካዳሚ የሕንፃ ንድፍ ተማረ። በዚያ ዘመን አካዳሚ ተማሪ የሚለማመደው የነባር ሊቃውንትን ሥራ እየገለበጠ ነው፤ ከዚያ የራሱን ለውድድር ያቀርባል፣ ዳኞች ይተቹታል። ቀጥሎ ሮም ሄደ። በ1765 አልጀርስ ላይ የብሪታንያ ቆንስላ የነበረው ጄምስ ብሩስ ቀጠረው።

ብሩስን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የዓባይን ምንጭ ፍለጋ የመጣው፣ ሲመለስም መጽሐፈ ሄኖክን ይዞ የሄደው ስኮትላንዳዊ ነው። ባሉጋኒ መጀመሪያ የሳለለት በሰሜን አፍሪካና በሶርያ በኩል ያሉ የሮማውያን ፍርስራሾችን ነበር። በየካቲት 1770 ጎንደር ገቡ። የሕንፃ ሰዓሊው ሥራ እዚህ ተክል ሆነ።

ቀላል እንዳይመስላችሁ! ዓምድ በማስመሪያ ይሰመራል፤ የኮሶ ቅጠል ግን በማስመሪያ አይያዝም። ጠርዙ ጥርስ አለው፣ አበባው ዘለላ ነው፣ ደግሞ ከተቆረጠ ይጠወልጋል። ዳኛም መምህርም አጠገቡ የለም። አራሚው ተክሉ ራሱ ነበር ብንል አንሳሳትም፤ ቅጠሉ ሳይደርቅ ከወረቀቱ ጋር አስተያይቶ የሳተውን ማቅናት ነው። ኮሶንም እንሰትንም እንዲህ ሳለ።

ብሩስ በ1790 ባሳተመው ባለ 5 ቅጽ መጽሐፍ ውስጥ ዋንዛ፣ ቁልቋል፣ ጤፍ፣ ወልክፋም አሉ፤ የጓሯችን ዕፅ ሁሉ ማለት ይቻላል። በዓመቱ፣ በ1791፣ ግሜሊን የተባለ ጀርመናዊ ኢትዮጵያን ሳይረግጥ ከዚያው መጽሐፍ ተነስቶ ለእንሰት ሳይንሳዊ ስም አወጣለት። ሥዕሉ ባይታመን ይኼ አይሆንም ነበር።

የሰዓሊው ስምስ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከፋው። ብሩስ ባሉጋኒን በመጽሐፉ ከሞላ ጎደል ሸፈነው። ጎንደር እንደደረስን ሞተ ብሎ አለፈው፤ አንባቢ ግሽ ዓባይ ላይ የቆመው ብሩስ ብቻውን መስሎት ቀረ። ግን ባሉጋኒ በኅዳር 1770 አብሮት ወደ ግሽ ሄዷል። የጉዞውን ማስታወሻ በጣሊያንኛ ጽፎት ነበር፣ ብሩስ ከሞተ በኋላ መጽሐፉን በ1805 እንደገና ያሳተመው አሌክሳንደር መሪ ወረቀቱን አገኘው። ብሩስ ደፋር ተጓዥ መሆኑን አንክድም። ይህን ግን ይቅር አንለውም።

ባሉጋኒ ከግሽ ከተመለሰ በኋላ በ1771 ጎንደር ላይ በተቅማጥ ሞተ። ገና በ30ዎቹ መጀመሪያ ነበር። የሚገርመው፣ ብሩስም ሲመለስ በጠረፍ አካባቢ ያው በሽታ ያዘው፤ የአገሬው ሰዎች በዋጊኖስ ሥር አዳኑኝ ይላል። ዋጊኖስም በሳይንሳዊ ስሙ ብሩሲያ ተባለ፣ በብሩስ ስም።

የባሉጋኒ ሥዕሎች ዛሬ አሜሪካ፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ውስጥ ይገኛሉ። በ1991 ሦስት ተመራማሪዎች አንድ ላይ አሳተሟቸው፤ አንደኛው በኢትዮጵያ ዕፅዋት ጥናት የሚታወቀው ዴንማርካዊው ኢብ ፍሪስ ነው። ከሞተ 220 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በሽፋኑ ላይ የባሉጋኒ ስም ከብሩስ ስም ቀድሞ ተጽፏል።