የእንዶዱ ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ

በዘንድሮው መጽሔታችን ታሪካቸውን በአጭሩ ልነግራችሁ የመረጥኋቸው ሰው ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

የተወለዱት በ1935 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1964 ዐድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዝያ ሲመረምሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ፣ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ሕያዋኑን ከሌላ በኩል ሰብስበው የእንዶድ አረፋ ቢያስጨምሩባቸው እነዚያም ሞቱ።

ይሁን እንጂ የቀንድ አውጣ መሞት ብቻ ሰው ለመዳኑ ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ከባልደረቦቻቸው ጋር አስቀድመው የዐድዋን ሕመምተኞች ቆጠሩ፤ ወንዞቹን ለ5 ዓመት በእንዶድ ካከሙ በኋላም እንደገና ቆጠሩ። በትልልቆች ሰውነት የቆየ በሽታ ስለሚገኝ፣ አዲስ መያዝ መቀነሱ የሚታወቀው በሕፃናት ነው። ከ1 እስከ 6 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት መካከል በፊት ከ100 50 ታመው ነበር፤ በኋላ ግን 7 ብቻ ተገኙ።

የውጭ ሊቃውንት ውጤቱን ለብዙ ጊዜ ቢጠራጠሩትም እርሳቸው አልተዉትም። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በ1997 ዐረፉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

እኛም የቴፒ ልጆች በቡናና በቅመም መካከል አድገናል። ወላጆቻችን ስለ ዛፉና ስለ ቅጠሉ የሚነግሩንን ሳንንቅ፣ ነገር ግን ቆጥረንና አመዛዝነን እንመርምረው እላለሁ።