መዳቡ ያለቀበት መሐንዲስ

የድሮ ቮልሴን ፍሬን ከታምቡር ወደ ዲስክ ላስቀይር ስነሳ ትዝ ያለኝ ፍሬድሪክ ላንችስተር ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. ለንደን የተወለደው ይህ መሐንዲስ፣ የዲስክ ፍሬንን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በ1902 ነው። ታምቡር ሙቀቱን እንደተከደነ ድስት አፍኖ ይይዛል፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን የሚከዳን ለዚህ ነው። ዲስክ ግን አየር ስለሚያገኘው ቶሎ ይቀዘቅዛል።

ችግሩ፣ ላንችስተር ዲስኩን ጨብጦ የሚያቆምለት ከመዳብ የተሻለ ነገር አላገኘም። የዘመኑ አቧራማ መንገድ ደግሞ መዳቡን ቶሎ ቶሎ በላበት። ሐሳቡ መኪና ላይ ለዓመታት ተረሳ፤ እሱም ሀብት ሳያፈራ በ1946 አረፈ። ከ7 ዓመት በኋላ ጃጓር በዲስክ ፍሬን የለ ማንን ውድድር አሸነፈ!

ወዳጆቼ፣ ሐሳባችሁ ዛሬ አልሠራ ካለ ቶሎ አትጣሉት። ችግሩ መዳቡ ሊሆን ይችላል።