ዮሴፍ ስቴፋን (1835–1893)፦ ማራገቢያ የሌለው ሳጥን ሙቀት የሚያስወጣባቸውን መንገዶች የለየ ሊቅ

ማራገቢያ የሌለው የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ በውስጡ የሚፈጠረውን ሙቀት የሚያስወጣው በሳጥኑ ገጽ በኩል ብቻ ነው። ከገጹ ሙቀቱን የሚወስዱት ሞቆ ወደ ላይ የሚወጣው አየርና ለዓይን የማይታየው ጨረር ናቸው። የእነዚህን ድርሻ ለያይቶ ማስላት የተቻለው በአመዛኙ በኦስትሪያዊው የፊዚክስ ሊቅ በዮሴፍ ስቴፋን ሥራ ነው።

ስቴፋን እ.ኤ.አ. በ1835 በክላገንፉርት አቅራቢያ ከድሆች ስሎቬንያውያን ወላጆች ተወለደ። ለመመንኮስ አስቦ የነበረ ቢሆንም፣ በ1853 ሒሳብና ፊዚክስ ለመማር ወደ ቪየና ዩኒቨርሲቲ አቀና። በወጣትነቱ በስሎቬንኛ ግጥም ይጽፍ ነበር፤ በኋላ ግን ተወው። በ1863 ፕሮፌሰር፣ ከሦስት ዓመት በኋላም የዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ኢንስቲትዩት ዳይሬክተር ሆነ።

በዘመኑ አየር ሙቀትን ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ መለካት እጅግ አስቸጋሪ ነበር፤ የሞቀ አየር ስለሚንቀሳቀስ በመተላለፍ የሄደው ሙቀት በንቅናቄ ከተወሰደው ጋር ይደባለቃል። ስቴፋን በ1872 ይፋ ባደረገው ሥራ አንዱን የብረት ዕቃ በሌላው ውስጥ አስገብቶ በመካከላቸው ጠባብ የአየር ክፍተት ተወ። ክፍተቱ ጠባብ በመሆኑ አየሩ ሊዘዋወር አልቻለም። የውስጠኛው ዕቃ በምን ፍጥነት እንደሚቀዘቅዝ በመከታተል የአየሩን አስተላላፊነት አገኘ። የዛሬ ልኬት እንደሚያሳየው መዳብ ከአየር 15,000 ጊዜ ያህል የተሻለ አስተላላፊ ነው፤ በቺፕና በሳጥኑ ግድግዳ መካከል የሚቀር ስስ የአየር ክፍተት የሚጎዳውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ልኬት ለ1879ኙ ሕግ መንገድ ጠረገ። ስቴፋን የዱሎንግንና የፔቲን የቆየ የቅዝቃዜ ሙከራ መልሶ ሲመረምር፣ ለጨረር ከተቆጠረው ሙቀት ከፊሉ በአየር የተላለፈ መሆኑን ተረዳ፤ ያንንም ቀነሰ። በሌላ በኩል ከቲንዳል የጋለ የፕላቲኒየም ሽቦ ሙከራ፣ ሙቀቱ ከ525 ወደ 1,200 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ጨረሩ 11.7 እጥፍ እንደሆነ ወሰደ። የፍጹም ሙቀቶቹ ንጽጽር አራተኛ ርቢ 11.6 ነው። ፕላቲኒየም ፍጹም ጥቁር አካል ስላልሆነና ሙቀቶቹም በግምት የተገኙ ስለነበሩ፣ የዚህ መቀራረብ ከፊሉ ዕድል ነው ማለት ይቻላል። የአየሩን ድርሻ መለየቱ ግን ዕድል አልነበረም። ተማሪው ሉድቪግ ቦልዝማን በ1884 ሕጉን ከንድፈ ሐሳብ አረጋገጠ።

የሕጉ ጥቅም በቁጥር ሲታይ ይገዝፋል። የሳጥኑ ገጽ 60፣ ክፍሉ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን፣ ኤሚሲቪቲው 0.9 የሆነ የተቀባ ገጽ ከአንድ ካሬ ሜትር 225 ዋት ያህል በጨረር ያስወጣል። የተወለወለ አሉሚኒየም (0.05) ግን 13 ዋት ገደማ ብቻ። በራሱ የሚንቀሳቀሰው አየር፣ ለአንድ ካሬ ሜትርና ለአንድ ዲግሪ 5 ዋት ቢታሰብ፣ 175 ዋት ይወስዳል። እንግዲህ የሚያብረቀርቅ ሳጥን መምረጥ ከግማሽ በላይ የሆነውን የማቀዝቀዝ አቅም መጣል ነው። ቀለሙ የግድ ጥቁር መሆን የለበትም፤ በዚህ የሙቀት መጠን ተራ ነጭ ቀለምም ተቀራራቢ ኤሚሲቪቲ አለው።

ስቴፋን በመጨረሻ ዘመኑ የዋልታ ባሕር በረዶ እንዴት እየወፈረ እንደሚሄድ አጠና፤ በጥር 1893ም በቪየና አረፈ። ዛሬ ድንገተኛ ሙቀትን እየቀለጠ እንዲውጥ በመሣሪያ ሳጥን ውስጥ የሚቀመጠው ፓራፊን የሚሰላበት ሒሳብ የስቴፋን ፕሮብሌም ይባላል።