ጭንብል ያጠለቀው ዶክተር

ከእናንተ መካከል አሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ የምትሠሩ ጥቂት አይደላችሁም። ሥራ ስትጀምሩ ከሚያስፈርሟችሁ ወረቀቶች በአንዱ ላይ፣ ሆስፒታሉ በሠራተኞቹ መካከል በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በትውልድ አገር ልዩነት አያደርግም የሚል ረጅም ዝርዝር አለ። ዝርዝሩ ውስጥ ጾታዊ ዝንባሌ የሚልም አለበት። ማን ያነበዋል? ተፈርሞ ይታለፋል። ዛሬ የምናወራችሁ ያ ቃል ወረቀቱ ላይ ባልነበረበት ዘመን ሥራውን ደጋግሞ ስላጣ ሐኪም ነው። ስሙ ጆን ፍራየር ይባላል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ርዕሱ ኮሜንት ላይ እንደሚያጨቃጭቅ እናውቃለን። ቢሆንም መጀመሪያ ታሪኩን አንብቡት፣ ከዚያ እንነጋገራለን።

ፍራየር በ1937 ኬንታኪ ግዛት፣ ዊንቸስተር በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ጎበዝ ተማሪ ነበር። በ15 ዓመቱ ኮሌጅ ገባ፣ በ19 ዓመቱ ጨረሰ፣ በ1962 ከቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቀ። ከሙያው ሌላ ሙዚቃ ይወድ ነበር። ኦርጋን ይጫወታል፣ ኋላም ፊላደልፊያ ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ለረጅም ዓመታት መዘምራንን መርቷል። ረጅምና ግዙፍ ሰው ነበር፤ የትም ቢገባ ሳይታይ አያልፍም። ይህቺን ያዙልን፣ በኋላ ታስፈልገናለች።

ለስፔሻሊቲ የመረጠው ሳይካትሪን ነው፣ የአእምሮ ሕክምናን። ምርጫው ራሱ ጣጣ ነበረው። ፍራየር የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ነው፤ ሊገባበት ያሰበው ሙያ ደግሞ እንዲህ ያለውን ሰው በሽተኛ ይለዋል። የአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር በ1952 ባወጣው የአእምሮ ሕመሞች መዝገብ ውስጥ የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ተካቷል፣ በ1968 በወጣው ሁለተኛ እትምም አልተነሳም። ነገሩ ወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። እንፈውሳለን ብለው በሰው ላይ የኤሌክትሪክ ንዝረት የሞከሩ ሐኪሞች ነበሩ። በአብዛኞቹ ግዛቶች ሕጉም ድርጊቱን ወንጀል ይለዋል። ለቀጣሪ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልገዋል? በሕግ ወንጀለኛ፣ በሕክምና በሽተኛ የተባለን ሐኪም ለማባረር ሰበብ መፈለግ አይጠበቅበትም።

ፍራየር ሥልጠናውን የጀመረው ካንሳስ ውስጥ ሜኒንገር በሚባለው ስመ ጥር የአእምሮ ሕክምና ማዕከል ነው። እዚያ ማንነቱን ደብቆ መኖር ነበረበት፤ ድብቅነቱ ጭንቀት ውስጥ ከተተውና ትቶ ወጣ። ወደ ፊላደልፊያ ሄዶ በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ቀጠለ። እዚያ ደግሞ ማንነቱ ታወቀ፣ ልቀቅ ተባለ። በመጨረሻ ኖሪስታውን በሚገኝ የመንግሥት የአእምሮ ሆስፒታል ገብቶ ሥልጠናውን በ1967 ጨረሰ። ልብ በሉ፣ ሰውዬው ሕመምተኛ አልበደለም፣ ፈተናም አልወደቀም።

በዚያው ዓመት ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ቀጠረው። ማስተማሩን ወደደው፣ ግን ቋሚ ቅጥር ገና አላገኘም ነበር። ይህ ማለት አንድ ሰው አንድ ወሬ ቢያወራበት ሦስተኛ ጊዜ ከዜሮ መጀመሩ ነው።

እሱ ዝም ባለበት በዚያ ወቅት ውጪ ላይ ሌሎች ይጮሁ ነበር። ከእነሱ አንዱ ፍራንክ ካሜኒ ነው። የሥነ ፈለክ ባለሙያ ነበር፤ በ1957 በማንነቱ ምክንያት ከአሜሪካ ጦር የካርታ መሥሪያ ቤት ተባሯል። ሌላዋ ባርባራ ጊቲንግስ ናት። እነዚህ ሰዎች አንድ ነገር ገብቷቸዋል። በሽተኛ የሚለው ማኅተም እስካለ ድረስ ፍርድ ቤት ሄደህ ሥራዬን መልሱልኝ ብትል ማንም አይሰማህም። ስለዚህ መጀመሪያ ማኅተሙን ማስነሳት ያስፈልጋል፣ ማኅተሙ ያለው ደግሞ ሳይካትሪስቶቹ እጅ ነው። የማኅበሩን ዓመታዊ ጉባኤ በ1970 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ተቃዋሚዎች በጩኸት አቋረጡት። በ1971 ዋሽንግተን ላይ ካሜኒ ማይክ ቀምቶ ተናገረ። ማኅበሩም በቃ ተነጋገሩ ብሎ ለ1972ቱ የዳላስ ጉባኤ መድረክ ፈቀደ።

እዚህ ላይ የጊቲንግስ የፍቅር ጓደኛ ኬይ ላሁሰን አንድ ነገር አየች። መድረኩ ላይ ሳይካትሪስቶች አሉ፣ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችም አሉ፣ ሁለቱንም የሆነ ግን የለም። ጊቲንግስ ፍለጋ ጀመረች። የምታውቃቸውን ሐኪሞች ጠየቀች፤ እንቢ አሏት። ሥራቸውን ፈሩ። ፍራየርም መጀመሪያ አልፈለገም። በኋላ ግን ቅድመ ሁኔታ አስቀምጦ እሺ አለ። ስሙ አይጠራም፣ ፊቱ አይታይም፣ ድምፁም አይለይም።

ግንቦት 2 ቀን 1972። ዶክተር ኤች ስም የለሽ ተብሎ የተዋወቀው ሰው የተጨማደደ የላስቲክ ጭንብል አጥልቆ፣ ዊግ ደፍቶ፣ ከራሱም ገላ የሚሰፋ ሱፍ ለብሶ ወጣ። ያን ግዙፍ ቁመና ለመደበቅ ሌላ መላ አልነበረም። አለባበሱን እንዲያዘጋጅ የረዳው በወቅቱ አብሮት የነበረው ፍቅረኛው ነው፤ ቲያትር ያጠና ነበር። ማይኩም ድምፅ በሚያዛባ መሣሪያ አለፈ። ዛሬ ቲክቶክ ላይ ድምፅ ቀይሮ ማውራት ጨዋታ ነው። እሱ ግን ያን ሁሉ የተሸከመው ደመወዙን ላለማጣት ነበር።

የተናገረው ረጅም አልነበረም። የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መሆኑንና ሳይካትሪስት መሆኑን አንድ ላይ ተናገረ። በዚያው ጉባኤ ከተመዘገቡት ሐኪሞች መካከል ከመቶ የሚበልጡ እንደሱ ያሉ እንዳሉ፣ በየዓመቱም ተደብቀው እንደሚገናኙ ገለጠ። ቢታወቁ ሥራቸውን እንደሚያጡ አስረዳ። ወዳጆቹንም፣ ቢያንስ ለሕመምተኞቻችሁ ስትሉ ጥቂት ድፈሩ ብሎ ለመናቸው። ጊቲንግስ በበኩሏ መምጣት ያልደፈሩ ሐኪሞች የላኩላትን ጽሑፍ አነበበች። ፍራየር ሲጨርስ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበለት።

የካሜኒ ጩኸትና የጊቲንግስ ደብዳቤዎች ባይኖሩ መድረኩም አይኖርም ነበር፣ ይህ ግልጽ ነው። የፍራየር ድርሻ ግን ሌላ ነው፣ እኛን የሚገርመንም እሱ ነው። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሐኪሞች እስከዚያ ቀን ድረስ ጉዳዩን ስለ ሌላ ሰው አድርገው ነበር የሚያወሩት። በጭንብሉ ምክንያት ግን ያ ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ አልተቻለም። ዛሬ ጠዋት ቡና ያቀበለህ ባልደረባህ ሊሆን ይችላል።

በታኅሣሥ 1973 የማኅበሩ ቦርድ የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን ከሕመሞች መዝገብ አወጣ። የተቃወሙ አባላት ድምፅ ይሰጥበት ብለው በ1974 ሁሉም ሐኪም ተጠየቀ፤ 58 በመቶ የሚሆኑት ውሳኔውን ደገፉ።

ጥሩ፣ አሁን ፍራየር ሥራው ተረጋገጠለት ትሉ ይሆናል። አልሆነም። ከዳላስ በኋላ ይሠራበት ከነበረ አንድ የፊላደልፊያ የአእምሮ ሆስፒታል ተሰናበተ። የሆስፒታሉ ኃላፊ የሰጡት ምክንያት በአጭሩ እንዲህ ነው፦ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ብቻ ብትሆን እናስቀርህ ነበር፣ ጎላ ብሎ መታየት የምትወድ ብቻ ብትሆንም እናስቀርህ ነበር፣ ሁለቱንም መሆንህ ግን አይቻልም። እኚህ ኃላፊ ዳላስ ላይ ከፊት ተቀምጠው ጭንብል ያጠለቀውን ሰው ሲሰሙ እንደነበር ፍራየር ኋላ ተናግሯል። አላወቁትም።

መዝገቡ ተቀየረ፣ የቅጥር ደንቡ ግን እንደነበረ ነው። ማንንም ሰው በዚህ ምክንያት ማባረር ክልክል ነው የሚል መስመር የሆነ ቦታ ላይ እስካልተጻፈ ድረስ የኃላፊው በጎ ፈቃድ ነው የሚወስነው። የፊላደልፊያ ከተማ ያን መስመር በደንቧ የጻፈችው በ1982 ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፌዴራሉ የሥራ ሕግ የኤልጂቢቲኪው ሠራተኞችንም ይጠብቃል ብሎ የወሰነው ደግሞ በ2020 ነው፣ ማለትም ትናንት። ፍራየር ያን አላየም።

ቴምፕል ውስጥ ግን ቆየ፣ ፕሮፌሰርም ሆነ። ከዳላስ በኋላ አደባባይ የወጣ ታጋይ አልሆነም፣ ወደ ሥራው ተመለሰ። ብዙ ዓመት የሠራው ሞት አፋፍ ላይ ካሉ ሕመምተኞችና ከሐዘንተኞች ጋር ነው። ለዚህም ለንደን ሄዶ በዘመናዊ የሆስፒስ እንክብካቤ በሚታወቀው በሴንት ክሪስቶፈር ሠርቷል። ኤድስ በመጣ ጊዜ ብዙ ሰው ሲሸሽ እሱ ሕመምተኞችን ተቀበለ። የሚያያቸውም ዩኒቨርሲቲው ቢሮ ሳይሆን ቤቱ ነው፣ ምሥጢራቸው እንዳይወጣ። ይህን ያሰበው ለምን እንደሆነ መገመት አያቅትም።

ዶክተር ኤች እኔ ነበርኩ ብሎ በማኅበሩ ጉባኤ ላይ በይፋ የተናገረው በ1994 ነው፣ በገዛ ከተማው በፊላደልፊያ። ከጭንብሉ 22 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በየካቲት 2003 በ65 ዓመቱ አረፈ።

ከሞተ በኋላ ማኅበሩ በስሙ ሽልማት አቋቋመ። የመጀመሪያዎቹ ተሸላሚዎች በ2006 ፍራንክ ካሜኒና ባርባራ ጊቲንግስ ነበሩ። ጊቲንግስ ያን ጊዜ ታማ ነበር፤ በየካቲት 2007 አረፈች።