ከአፈር የተገኘ ፈውስ፦ የሴልማን ዋክስማን ሕይወትና ሥራ

የሰው ልጅ አፈርን የሚያውቀው ሲያርሰው፣ ቤት ሲሠራበትና በመጨረሻም ሲቀበርበት ነው። በአንድ እፍኝ አፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ሚሊዮን ተሕዋስያን እንደሚኖሩና እርስ በርሳቸውም ለምግብና ለቦታ እንደሚሻሙ የታወቀው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ለሳንባ ነቀርሳ የመጀመሪያው ውጤታማ የሆነው አንቲባዮቲክ፣ ስትሬፕቶማይሲን፣ የተገኘው ከዚሁ ሽሚያ መካከል ሲሆን፣ የተገኘበትን ቤተ ሙከራ ይመሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ሴልማን ዋክስማን ናቸው። የእኚህ ሊቅ ታሪክ ለሙያ ሰው ሁለት ነገር ያስተምራል፤ አንደኛው በዘዴና በትዕግሥት የሚሠራ ምርምር የሚሰጠውን ፍሬ፣ ሁለተኛው ደግሞ በብዙ እጆች የተሠራ ሥራ በአንድ ሰው ስም ብቻ ሲመዘገብ የሚተርፈውን ዕዳ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዋክስማን የተወለዱት ጁላይ 22 ቀን 1888፣ ያን ጊዜ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር በነበረችው፣ ዛሬ በዩክሬን በምትገኘው በኖቫ ፕሪሉካ ነው። አገሩ በጥቁር አፈሩ ለምነት የታወቀ ነበር። ወላጆቻቸው አይሁዳውያን ስለ ነበሩ፣ በዚያ ዘመን በአይሁድ ተማሪዎች ላይ የተጣለው የቁጥር ገደብ የከፍተኛ ትምህርትን በር አጥብቦባቸዋል። እናታቸው በ1909 ካረፉ በኋላ፣ በ1910 ወደ አሜሪካ ተሰደው በኒው ጀርዚ ግዛት በዘመዳቸው እርሻ ላይ ኑሮ ጀመሩ። በ1911 ሩትገርስ ኮሌጅ ገብተው በ1915 በግብርና ሳይንስ ተመረቁ። በ1918 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በባዮኬሚስትሪ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀብለው፣ ወደ ቀድሞው ኮሌጃቸው በመመለስ የአፈር ተሕዋስያን ጥናት መምህር ሆኑ።

ገና ተማሪ ሳሉ ከሠሯቸው ሥራዎች አንዱ፣ በኮሌጁ እርሻ ጉድጓድ ቆፍሮ ከየጥልቀቱ አፈር መውሰድና በውስጡ የሚገኙትን ተሕዋስያን በየዓይነታቸው መቁጠር ነበር። በዚህ ቆጠራ ላይ ባክቴሪያ ሆነው ሳለ እንደ ሻጋታ ቀጫጭን ክር እየዘረጉ የሚያድጉ፣ አክቲኖማይሴት የሚባሉ ፍጥረታት ትኩረታቸውን ሳቡት። ዝናብ ደረቅ መሬትን ሲመታ የሚነሣው የአፈር ሽታ በአብዛኛው ከእነዚሁ ተሕዋስያን የሚመነጭ ነው። በዚያ ጊዜ ስለ እነርሱ የሚመራመሩ ሰዎች ጥቂት ነበሩ፤ ዋክስማን ግን ከሃያ ዓመት በላይ ሲለዩአቸው፣ ሲሰይሟቸውና ሲመድቧቸው ቆዩ። በ1927 ያሳተሙት የአፈር ማይክሮባዮሎጂ መጽሐፍም በመስኩ ዋነኛ የትምህርት ምንጭ ሆነ።

የምርምሩ አቅጣጫ የተለወጠው በ1939 ነው። በዚያ ዓመት የቀድሞ ተማሪያቸው የነበሩት ሬኔ ዱቦስ በአፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ሌሎች ባክቴሪያዎችን የሚገድል ንጥረ ነገር ማውጣታቸውን አስታወቁ። ዋክስማንም የቤተ ሙከራቸውን ኃይል ወደዚሁ ፍለጋ አዞሩ፤ ሜርክ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያም በውል ረዳቸው። ዘዴው ሲነገር ቀላል ነው። የአፈር ናሙና በውኃ ይቀጥንና ምግብ ባለበት የመስታወት ሳህን ላይ ይዘራል፤ ከበቀሉት ተሕዋስያን እያንዳንዱ ተለይቶ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ አጠገብ እንዲያድግ ይደረጋል፤ በዙሪያው ባክቴሪያው የማይበቅልበት ባዶ ክብ ከታየ፣ ያ ተሕዋስ ገዳይ ንጥረ ነገር አመንጭቷል ማለት ነው። ከባዱ ነገር ይህንኑ በሺህ ለሚቆጠሩ ናሙናዎች ሳይሰለቹ መድገም ነበር። በ1940 አክቲኖማይሲን፣ በ1942 ስትሬፕቶትሪሲን ተገኙ፤ ነገር ግን ሁለቱም የእንስሳትን አካል የሚመርዙ ስለ ሆኑ ለተፈለገው ዓላማ አልበቁም። አንቲባዮቲክ የሚለውን ቃል አሁን በሚሠራበት ትርጉም ያስለመዱትም በእነዚህ ዓመታት ዋክስማን ናቸው።

በ1943 አልበርት ሻትዝ የተባሉ የ23 ዓመት ወጣት፣ ከውትድርና በጤና ምክንያት ተሰናብተው ለዶክትሬት ጥናታቸው ወደ ቤተ ሙከራው ተመለሱ። ወርኃዊ አበላቸው 40 ዶላር ነበር። ፔኒሲሊን የማይበግራቸውን ባክቴሪያዎች፣ ከእነርሱም ጋር የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ የሚያጠፋ ንጥረ ነገር ለማግኘት ተነሡ። የነቀርሳው ባክቴሪያ አደገኛ በመሆኑ ሥራው የተካሄደው ለብቻው በተለየ የምድር ቤት ክፍል ሲሆን፣ ሻትዝ ብዙ ሌሊት በዚያው ያድሩ ነበር። በኦክቶበር ወርም ስትሬፕቶማይሴስ ግሪሴየስ የተባለውን ተሕዋስ ሁለት ዝርያ አገኙ፤ አንደኛው ፍግ ከበዛበት የእርሻ አፈር፣ ሁለተኛው ከዶሮ ጉሮሮ ከተወሰደ ናሙና የተገኘ ነው። በጃንዋሪ 1944 ግኝቱን ለዓለም ያስታወቀው ጽሑፍ የሦስት ሰዎች ስም በተርታ ይዞ ወጣ፤ እነርሱም አልበርት ሻትዝ፣ ኤሊዛቤት ቡጊና ሴልማን ዋክስማን ናቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ ለሌሎች እጆች ተላለፈ። በማዮ ክሊኒክ ዊልያም ፌልድማንና ኮርዊን ሂንሾ መድኃኒቱን በመጀመሪያ በሙከራ እንስሳት፣ ከ1944 መጨረሻ ጀምሮም በሕሙማን ላይ ፈተኑት። በፋብሪካ ደግሞ መሐንዲሶችና ኬሚስቶች የራሳቸው ፈተና ገጠማቸው። ተሕዋሱ ያለ አየር የማያድግ ስለ ሆነ፣ በታላላቅ ጋኖች ውስጥ በተዘጋጀው ፈሳሽ ከጀርም የጸዳ አየር ያለማቋረጥ ማስገባት፣ ፈሳሹን ማማሰልና ሙቀቱን መቈጣጠር ያስፈልግ ነበር። ከብዙው ፈሳሽ ውስጥ ጥቂቱን መድኃኒት ለይቶ ለማጥራትም መጀመሪያ በከሰል፣ በኋላም ion በሚለዋውጥ ሙጫ መሰል ቁስ መጠቀም ግድ ሆነ። ዋክስማን መድኃኒቱ በአንድ ኩባንያ እጅ ብቻ እንዳይቀር በጠየቁት መሠረት፣ ሜርክ በውል ያገኘውን ብቸኛ መብት በ1946 ለቀቀ፤ ሌሎች ኩባንያዎችም ማምረት ቻሉ። ይህ ለዋክስማን በበጎ የሚቈጠርላቸው ተግባር ነው።

የፈጠራ ባለቤትነቱ መብት በ1948 በዋክስማንና በሻትዝ ስም ተሰጥቶ፣ ገቢው ለሩትገርስ የምርምር ድርጅት እንዲሆን ተደረገ። ሻትዝ ማንም ሰው ከመድኃኒቱ በግሉ እንደማይጠቀም አምነው መብታቸውን አስተላልፈው ነበር። ሆኖም ከገቢው 20 በመቶ ለዋክስማን ይከፈል እንደ ነበር፣ የተቀበሉትም 350,000 ዶላር ያህል መድረሱ በኋላ ታወቀ። በዚህና ስማቸው ከግኝቱ እየራቀ በመሄዱ ሻትዝ በማርች 1950 በፍርድ ቤት ከሰሱ። ጉዳዩ በዲሴምበር በስምምነት አለቀ፤ ሻትዝ የግኝቱ ተባባሪ ባለቤት መሆናቸው በሕግ ታወቀ። ከገቢውም 3 በመቶ ለሻትዝ፣ 10 በመቶ ለዋክስማን፣ 7 በመቶ ደግሞ ለቀሩት የቤተ ሙከራው ሠራተኞች እንዲከፋፈል ተወሰነ። ይህም ሆኖ የ1952 የሕክምና የኖቤል ሽልማት ለዋክስማን ብቻ ተሰጠ። ሻትዝ በበኩላቸው መምህራቸውን የከሰሱ ሰው ስለ ተባሉ፣ በታላላቅ ቤተ ሙከራዎች የሥራ በር ተዘጋባቸው።

ዋክስማን ሲከራከሩ የኖሩት የፍለጋው ዘዴ፣ የዓመታት ዕውቀቱና የቤተ ሙከራው አመራር የራሳቸው መሆኑን በማሳየት ነው። ክርክራቸው መሠረት ነበረው፤ ሃያ ዓመት የፈጀው የአክቲኖማይሴት ጥናት ባይቀድም ኖሮ ሻትዝ የት እንደሚፈልጉ ባላወቁም ነበር። ይሁን እንጂ መንገድ የቀየሰው ሰው ድካም፣ በዚያ መንገድ ተጉዞ ዕቃውን ያመጣውን ሰው ድካም አይሽረውም።

የመድኃኒቱ የራሱ ታሪክም ከዚህ የራቀ አይደለም። በብሪታንያ በ1947 የተካሄደውና በ1948 የታተመው ሙከራ፣ ሕሙማንን በዕጣ በመደልደሉ ለዘመናዊ የመድኃኒት ፍተሻ አርአያ ሆኗል። በስድስት ወር ውስጥ ስትሬፕቶማይሲን ከተሰጣቸው 55 ሕሙማን የሞቱት 4 ሲሆኑ፣ አልጋ ላይ በማረፍ ብቻ ከታከሙት 52 ሕሙማን ግን 14 ሞቱ። ከአምስት ዓመት በኋላ በተደረገው ቈጠራ የሞቱት ከመጀመሪያዎቹ 32፣ ከሁለተኞቹ 35 ደረሱ። ምክንያቱም ባክቴሪያው መድኃኒቱን መቋቋም በመልመዱ ነው። ስትሬፕቶማይሲን ባክቴሪያው ፕሮቲን የሚሠራበትን ራይቦዞም ይዞ ሥራውን ያዛባል፤ በዚያ ክፍል ላይ ትንሽ ለውጥ ያገኘ ባክቴሪያ ግን ከመድኃኒቱ ያመልጣል። መፍትሔው ሌላ መድኃኒት በአጋርነት መጨመር ሆነ፤ በመጀመሪያ ፓስ፣ ከ1952 ጀምሮም አይሶናያዚድ ተጨመሩ። በኢትዮጵያም ስትሬፕቶማይሲን ለብዙ ዓመታት ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር በመርፌ ለነቀርሳ ሕሙማን ሲሰጥ ቈይቷል። ጆሮን ስለሚጐዳና የተሻሉ መድኃኒቶች ስለ ተገኙ፣ ዛሬ የሚታዘዘው በተለየ ሁኔታ ብቻ ነው።

መድኃኒቱ ከሐኪም ቤት አልፎ ወደ እርሻም ገብቷል። ከ1950ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ የፖምና የፒር ዛፎችን ከሚያደርቅ የባክቴሪያ በሽታ ለመከላከል ተረጭቷል፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያም በካሊፎርኒያ የፒር እርሻዎች መድኃኒቱን የሚቋቋም ባክቴሪያ ተገኘ። ይህ ሊያስደንቅ አይገባም። ስትሬፕቶማይሲንን የሚያመነጨው ተሕዋስ ራሱን ከገዛ መርዙ የሚጠብቅበት ጂን አለው፤ ስለዚህ መሣሪያውም መከታውም በአፈር ውስጥ አብረው የኖሩ ናቸው። አንቲባዮቲክ ያለ ልክ በሜዳ ሲበተን፣ ጥቅም የሚያገኙት መከታው ያላቸው ተሕዋስያን ናቸው።

ዋክስማን ኦገስት 16 ቀን 1973 በማሳቹሴትስ ግዛት አረፉ። ከመድኃኒቱ በተገኘው ገቢ የተሠራውና በ1954 የተከፈተው የሩትገርስ ማይክሮባዮሎጂ ተቋም ዛሬም በስማቸው ይጠራል፤ ከድርሻቸው ከፍለው ያቋቋሙት የማይክሮባዮሎጂ ድርጅትም ለብዙ ወጣቶች ጥናት ረድቷል። ሻትዝ በ1994 ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ከፍተኛውን ሜዳይ ሲቀበሉ፣ ከግኝቱ 50 ዓመት አልፎ ነበር፤ በ2005ም አረፉ። የኤሊዛቤት ቡጊ ስም በመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ ቢሰፍርም በባለመብትነቱ ሰነድ ላይ አልተካተተም። አንድ ሥራ ገና ሲጀመር የማን ምን እንደ ሆነ በግልጽ ቢጻፍ ኖሮ፣ ከዚህ ታላቅ ግኝት ጋር ያን ያህል መራራ ነገር ባልተያያዘም ነበር። ለሙያ ባልደረቦች ከዋክስማን ሕይወት የሚተርፈው ትምህርት ይህ ነው።